እስከ ዓርብ የተያዘ አልጋ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ አባት ለጸጋዬ፣

እንደምን ከረምክ? አዲስ አበባ ተመችቶህ፣ ስኳርህም ወርዶልህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ የምሬን ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ የጻፍኩት ናፍቀኸኝ አይደለም። ፍሬው ከቤቱ ተባሯል። በስልክ ከሆነ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔም እዘጋብሃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

የትኛው ቤት እንዳትለኝ። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት፣ ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ያለው ነው። ሰባት ወር ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም፤ ፊቱ እንኳ ተመልሶ ነበር። እኔ ግን ለሰው ሁሉ ሥራ አግኝቶ ዳላስ ሄደ እል ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ የማይርቀኝን ልጅ ዳላስ አደረስኩት።

እዚህ አገር ጸጉር ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት ግን፣ ሕክምና እስካልሰጡ ድረስ፣ አልጋ መደርደር ይበቃል። ለከተማው ደወልኩ፣ ወደ ካውንቲ መሩኝ፤ ካውንቲው ወደ ስቴት፤ ስቴቱ እኛን አይመለከትም አለ። ደግነቱ ይኼኛው ቤት በራሱ ፍላጎት ሰርተፊኬት ያወጣ ነው። ስለዚህ የተባረረ ሰው ይግባኝ፣ እነሱ አፒል የሚሉትን፣ ሊያስገባ ይችላል።

ሰኞ ጠዋት ሽንቱ ተመርምሮ መጠጥ ተገኘበት። የቤቱ ኃላፊ ዳዊ ይባላል፣ ያገራችን ሰው ነው፤ አስጠራኝ። እኔ ባለሁበት ጠየቀው፦

«ፍሬው፣ የት ነው የጠጣኸው? ፋሚሊ ጋ ከሆነ ንገረኝ፣ ለአፒሉ ይጠቅምሃል።»

«ጓደኞቼ ጋ» አለ።

ወደ እኔ አላየም። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ።

ትናንት ሕጉን ስረግም ዋልኩ። ማታ ሳስበው ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነብኝ። ጸጋዬ፣ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

እሑድ የሚካኤል ጽዋ ተራዬ ነበር። ፍሬው ወንበር ሊያስተካክልልኝ መጥቶ ሳይወጣ ማኅበርተኛው ደረሰ። ከዳላስ ሊጠይቀኝ መጣ አልኩ። ጽዋው ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ እጁን አልዘረጋም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሼ ሀይለገብርኤል ቀና ብለው አዩት፤ ቤቱ ሁሉ አየው። ሰው ምን ይላል ብዬ ጽዋውን ተቀብዬ አፉ ድረስ አስጠጋሁለት።

«ይኼ መጠጥ አይደለም፣ በረከት ነው» አልኩት።

ጠላውን የጠመቅኩት በገዛ እጄ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየ ጨለጠው። ሰኞ ደግሞ እንዳላፍር ብሎ በራሱ ላይ ዋሸልኝ፤ እኔ እናቱ ቆሜ ሰማሁት። ዳዊ ለማኅበሩ ያወራብኛል ብዬ ፈራሁ። በልጄ አልጋ ስሜን ጠበቅሁበት።

ዛሬ ሄጄ ለዳዊ ሁሉንም ነገርኩት። «እትዬ የሺ፣ ይኼ ኬዙን ይቀይረዋል» አለኝ። «ግን አፒሉን ሳይን ማድረግ ያለበት እሱ ነው። አልጋውን እስከ ዓርብ ሆልድ አደርግለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዌይቲንግ ሊስት አለ።» እኔ የምስክርነት ቃሌን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ለማኅበሩ ግን እስካሁን ዳላስ ተመለሰ እንዳልኩ ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቀው ነው የምነግርህ።

ልጁን ጠጪ ያደረግከው አንተ ነህ እያልኩ ስንት ዓመት ወቀስኩህ። በየዓውደ ዓመቱ ብርጭቆ እየሰጠህ «ወንድ ነው» ስትል ይቅር አላልኩህም፤ አሁንም አላልኩህም። እሱ ግን ያንተን ስልክ ያነሳል። የኔን ከሰኞ ጀምሮ አላነሳም። ሎንግ ቢች ከአንድ ልጅ ጋር መኪና ውስጥ ያድራል ብለውኛል፤ ሄጄ ባገኘውም ከኔ ጋር የሚመለስ አይመስለኝም።

ደውልለት። አትቆጣው። እናትህ እውነቱን ተናገረች፣ ከእንግዲህ ለሷ ብለህ አትዋሽ፣ እስከ ዓርብ ሄደህ ፈርም በለው። ካላነሳ ደግመህ ደውል።

ሚካኤል ይጠብቅህ ልልህ ነበር፤ ከእሑድ ወዲህ ስሙን ለመጥራት አፌ እንቢ አለኝ። አንተ ጸልይልን።

የፍሬው እናት
የሺሃረግ