ላጲሳቸውን ለተነጠቁት ዐቃቤ ሕግ የተላከ ማጽናኛ

ለተከበሩ የከተማችን ዋና ዐቃቤ ሕግ፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከጆሮዎ ጀርባ የማትጠፋው እርሳስዎ ደህና ናችሁ? እኔ በደስታ ብዛት ከጠዋት ጀምሮ ሁለት እጅጌ አዛብቼ ሰፍቻለሁ። ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ ደረጃው ላይ የቆለልከውን ሣጥን አንሣ በማለቱ ብቻ ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ሰባት ጊዜ በቢላዋ የወጋው የአውቶቡስ ሾፌር ታላቅ እህት።

ያስፈነደቀኝ፣ በከባድ ወንጀል የቀረበ ክስ ያለ ጽሑፍ ምክንያትና ያለ ሦስት ገለልተኛ የሕግ ባለሙያዎች ፊርማ ዝቅ እንዳይል የሚያዘው አዲሱ መመሪያ ነው። እርስዎ ግን በጋዜጣ «እጃችንን አሰሩን» ብለው ሲያማርሩ አንብቤ ለቅሶ ልደርስዎ ብዕር አነሣሁ። መታሰር እንዲህ የሚያንገበግብዎ ባይሆን ኖሮ ለሥጋ ሻጩ እጅ መች ይራሩለት ነበር!

ለቅሶዬን ከመቀጠሌ በፊት ግን ውለታዎን ልቁጠር።

1. በመሥሪያ ቤትዎ የክሱ ዓይነት በመዝገቡ ሽፋን ላይ በእርሳስ እንደሚጻፍ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ሰኞ «የግድያ ሙከራ» የሚል አይቼ ወጣሁ፤ ሐሙስ ስመለስ «ቀላል የአካል ጉዳት» ሆኖ ጠበቀኝ፣ የላጲሱ ፍርፋሪ እንኳ አልተራገፈም። ወይ ጉድ! ሐኪሞቹ ሁለት ወር የለፉበትን ወንድሜን እርስዎ በሦስት ቀን ፈወሱልኝ።

2. ምክንያቱን ብጠይቅ ጸሐፊዎ «ሥልጣናቸው ነው» ብላ በሩን አሳየችኝ። መልሱ በጣም ስለጣመኝ፣ ቀሚሷን ያለ ልክ ላሳጠርኩባት ወይዘሮ ብደግመው መቀሴን ቀምታኝ ሄደች።

3. በኤግዚቢትነት ያቀረብኩትን ባለ ሰባት ቀዳዳ የወንድሜን ሸሚዝ ብል በልቶት እንደሆነ ጠይቀውኛል። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሳገላብጥ ደም የሚያፈስስ ብል ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሰው መቼም ተምሮ አይጨርስ።

4. ሥጋ ሻጩ በዋስ ከወጣ ወዲህ በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ቢላዋውን እየሳለ፣ የወንድሜን ጤና ይጠይቃል። ወንድሜ ሥራውን ትቶ በሩን በቁም ሣጥን ደግፎ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሣቄ ይቆማል፣ ጌታዬ፤ ይገድልብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መመሪያው ቀደም ብለው የተቀነሱ ክሶችም ተጎጂው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካመለከተ እንደገና ይታያሉ ይላል። ለዚህ ይዤ የመጣሁትን ማመልከቻ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» ብሎ አስታምሞልኛል፤ እነሆ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ።

እርሳስዎ እንዳይዶለዱም እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የተወጊው እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ነገን መጠበቅ ስላቃተኝ ማመልከቻዬን ዛሬ ጠዋት በቀጥታ ለሦስቱ ባለሙያዎች አስረክቤ ማኅተም አስመትቻለሁ። ሽፋኑን ከወፍራም ሸራ ሰፍቼ «የግድያ ሙከራ» የሚለውን በቀይ ክር ጠልፌበታለሁ፤ ላጲስ አያነሣውም። ወይዘሮዋ መቀሴን መልሳልኛለች፤ መተርተር ካማረዎ ሦስቱን ፊርማ ይዘው ብቅ ይበሉ።