የፋሲሎ ጌም ቤት አሸናፊ

ለምወድህ ልጄ ለሕዝቅኤል፤

ጣና ማዕበሉን ወደ ዳር መላክ እንደማይታክተው፣ እኔም ላንተ ሰላምታ መላክ አይታክተኝም። እኛ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነን። ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልህ፤ ከማታ ትምህርት የተመረቀችው እናትህ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። መምህሩ እንኳ የእጅ ጽሕፈቴን አይተው ቀንተዋል።

ትተኸው የሄድኸው የእጅ ጌም ባትሪው ሞቶ ነበር። እህትህ ቃልኪዳን ፈታችውና፣ "እማዬ፣ ባትሪው ሲነሣ የሕዝቅኤል ነጥብ ይጠፋል" አለችኝ።

"እሱ ከሚጠፋ ጣና ይድረቅ!" ብየ ጮህሁባት።

መጀመሪያ ነጥብህን ኮምፒውተር ላይ ገለበጠችው። ከዚያ አዲሱን ባትሪ በካውያ በየደች፤ ስክሪኑንም ደማቅ በሆነ ለወጠች፤ ነጥብህንም ወደ ቦታው መለሰች።

ቅዳሜ እሷና ጓደኞቿ ያቋቋሙት የሴት ተጫዋቾች ማኅበር ፋሲሎ ጌም ቤት ውድድር አደረገ። ሁሉም በየተራ ባንተው ጌም ላይ መኪና እየነዱ ለነጥብ ሲሽቀዳደሙ እኔም ተሰለፍሁ።

"እማማ፣ ሊያዩን መጡ?" ብለው ሳቁ።

"ልቀጣችሁ ነው!" አልኋቸው። ቀጣኋቸውም። አሁን "ያሠልጥኑን" እያሉ ደጄን ይጠናሉ።

አብረውህ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረዱት የሰባታሚት ልጆች ተመልሰዋል። ስላንተ ስጠይቃቸው ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። ስለ ዝናብ ማውራት ሲወዱ!

ከእኔ በላይ የቀረው ያንተ ነጥብ ብቻ ነው። ላልፈው ጥቂት ሲቀረኝ መኪናዬን አቆምሁ። ባለቤቱ በሌለበት ማለፍ ምን ጀግንነት ነው? ና፣ እፊትህ ላሳፍርህ።

የኡራዋ ኪዳነ ምሕረት በመንገድህ ሁሉ ትቅደም።

አሸናፊዋ እናትህ፣ አገርነሽ