ሳልቀምሰው የላክሁልሽ ቆሎ

ናዝሬት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ጫልቱ፣ በሰው አገር ብቻሽን የማይተውሽ ጌታ ከፊትሽ ይቅደም።

ለእኔ አታስቢ። የቀሩኝን ጥርሶች ሁሉ አስነቅዬ ቤት ከዋልኩ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ እብጠቱም ጎድሏል። ጎረቤታችን ዙህራ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ታመጣልኛለች። ሐኪሙ አትናገሪ ስላለኝ ግን ብዙ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል፤ ሬዲዮኑን የምከፍተው ዜናውን ፈልጌ እንዳይመስልሽ።

ለእረፍት የመጣው ልጇ አብዱናሲር ወደ ኪየቭ ሲመለስ ቆሎ ይዞልሽ ይመጣል። ገብሱን ስቆላ እንደ ልማዴ መብሰሉን ላይ ብዬ አንዷን ፍሬ አፌ ከተትኩ። በምን ልቆርጥማት? አውጥቼ ዞር ብል፣ የሚቀምስልኝ ሰው የለም። ቀለሙን ብቻ አይቼ አወረድኩት።

ጆሮሽን ከብርድ ሸፍኚ። ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ቆሎው ሲደርስሽ አንዷን ቆርጥሚና መብሰሉን ጻፊልኝ።

እናትሽ የሺዓለም