ያላየውን ጅራታም ኮከብ አየሁ ስላለው ሰው

ለደቡብ ሰማይ ተመልካቾች ማኅበር
የጅራታም ኮከቦች መዝገብ ክፍል ኃላፊ
ኬፕታውን

ጁን 8 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.)

ጉዳዩ፦ በሌላ ሰው ስም የገቡ አሥር ምሽቶቼ እንዲመለሱልኝ፣ እንዲሁም በአቶ ኮርኔሊስ ብሬደንካምፕ ላይ ደንቡ ሳይሸራረፍ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ ዶርቲያ ማልጋስ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ስሆን፣ በካሩ በረሃማ ምድር በምትገኘው በብራክዳል ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ አገልግዬ በጡረታ እኖራለሁ። አቤቱታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. የሞስተርት ጅራታም ኮከብ በየስድስት ዓመት ከአምስት ወሩ እንደሚመለስ ክቡርነትዎ ያውቁታል። ከ1966 ጀምሮ አምስት ጊዜ ሲመጣ፣ አምስቱንም ጊዜ ድምቀቱንና በከዋክብቱ መሃል የሚገኝበትን ቦታ መዝግቤ ልኬአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማኅበሩ አዳራሽ የእኔን የቆዳ ቀለም ያለውን ሰው አያስገባም ነበር፤ ቁጥሬ ግን በፖስታ ይገባ ነበር። ዘንድሮ የመጣው ለስድስተኛ ጊዜ ነው። ስድስቱንም ያየ ሌላ ሰው በመዝገባችሁ የለም። ይህ ስድስተኛው በስሜ እንዲጻፍልኝ እፈልግ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ከማኅበሩ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

2. አሠራሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፀሐይ እንደገባች ባይኖኩላሬን በአጥሩ ቋሚ ላይ አስደግፌ፣ ከዋክብቱ እንደ ጅራታሙ ኮከብ ፈዘው እስኪታዩኝ ድረስ አደበዝዛቸዋለሁ። ከዚያ አንዱን ከእርሱ የሚደምቅ፣ ሌላውን ከእርሱ የሚያንስ መርጬ በሁለቱ መካከል ቦታውን እፈርዳለሁ። ያን የሚባለው ባለቤቴ በሕይወት እያለ ጸሐፊዬ እርሱ ነበር። የትናንቱን ቁጥር ብጠይቀው «ያየሽውን ተናገሪ፣ ትናንት የእኔ ነው» ይለኝና ወረቀቱን ይሸፍናል። የትናንቱን የሚያውቅ ዓይን የዛሬውን አስተካክሎ ያያልና። እርሱ ከሞተ በኋላም ወረቀቱን ገልብጬ ነው የማስቀምጠው።

3. በ1995 ዓይኔን ሞራ ጋረደኝ። የወረዳችን አስተባባሪ አቶ ብሬደንካምፕ «የወይዘሮዋ ዓይን ስለደከመ ቁጥሯ መዝገቡን ያበላሻል» ብሎ ጽፎ ከተመልካቾች ዝርዝር አሰረዘኝ። በቀጣዩ ዓመት በቀዶ ሕክምና ዳንኩ። የሐኪሙን ወረቀት ለአስተባባሪው ሰጠሁት፤ ወደ እናንተ አልደረሰም። ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ብዬ ነበር።

4. ባለፈው ኤፕሪል ኮከቡ ሊመጣ ሲቃረብ አቶ ብሬደንካምፕ ደረቅ ብስኩት ይዞ፣ እንደ አክስቱ «ታኒ» እያለኝ ደጄ ድረስ መጣ። «ታኒ ዶርቲያ፣ ዝም ብለው ይመልከቱ። ወረቀቱን ለእኔ ይስጡኝ፣ ለቢሮው እኔ ራሴ አስረዳለሁ። ምን ችግር አለው?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሻይም አፈላሁለት። ያንን ሻይ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

5. በሜይ አጋማሽ የወጣው መጽሔታችሁ ሲደርሰኝ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ምሽቶቼ ከነደቂቃቸው በአቶ ብሬደንካምፕ ስም ታትመው አየሁ። ኮከቡ ከተተነበየው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱን ያመለከትኩት እኔ ነኝ፤ ምህዋሩ እንደገና እንዲሰላ ምክንያት ሆኗል ተብሎ የተመሰገነው ግን እርሱ ነው። የተመለከተበት ቦታ ተብሎ የተጻፈው መኖሪያ ቤቱ ነው። የእርሱ ቤት የሚገኘው እዚሁ ብራክዳል፣ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን በምዕራብ በኩል ስዋርትኮፕ ተራራ ይጋርደዋል። በእነዚያ ምሽቶች ኮከቡ ከተራራው ጫፍ በታች ነበር። ከቤቱ ሆኖ ሊያየው የሚችለው ተራራውን በስቶ ብቻ ነው።

6. ወዲያውኑ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት ትሑት ነው፤ ክፉ አልተናገረኝም። «እናቴ፣ ምናልባት መኪናውን አስነስቶ ሜዳ ወጥቶ ይሆናል እኮ። የጽሑፉ ኮፒ አለኝ ካሉ ደግሞ እርሱ ከመጽሔቱ የገለበጡት ነው ሊል ይችላል። ሌላ ማስረጃ የለዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ማስረጃ እንዴት እንደሚገኝ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

7. ሐሙስ ሜይ 21 ቀን ከሰዓት በኋላ የአቧራ ማዕበል ተነስቶ ብራክዳልን ከዳር እስከ ዳር ሸፈናት። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን አሰናበተ፤ መንገዱም ተዘጋ። ፀሐይ ስትገባ እንደ ልማዴ ባይኖኩላሬን ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሊና ኦፐርማን በመስኮት አይታኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ልታዪ ነው? የገዛ አፍንጫሽን እንኳን አታዪም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምንም አላየሁም። ገብቼ ተቀመጥኩና በወረቀቴ ላይ የድምቀት ደረጃ 7.1 ብዬ ጻፍኩ።

8. ክቡር ሆይ፣ ይህን አልሸሽግም። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላየሁትን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ እርሳሱን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። ሆኖም ስጨርስ ደስ አለኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

9. በማግሥቱ ጠዋት የዚያኑ ወረቀት የካርቦን ኮፒ፣ «በዚህ ምሽት በብራክዳል ኮከብ ያየ ሰው የለም፤ ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ከሚል ማስታወሻ ጋር አሽጌ በአደራ ደብዳቤ ላክሁላችሁ። በፖስታው ላይ «አቤቱታዬ እስኪደርስ አይከፈት» ብዬ ጽፌአለሁ። ዋናውን ወረቀት ደግሞ ለአቶ ብሬደንካምፕ ከሌሎቹ ጋር አድርጌ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ ታኒ፣ አይደክሙም እኮ እርስዎ» አለኝ።

10. ጁን 1 ቀን በወጣው መጽሔት አሥራ አንዱም ምሽቶች በስሙ ታትመዋል። በሜይ 21 አንጻር 7.1 ተጽፏል። ስለ አየሩ ሁኔታ የሚጻፍበትን ዓምድ እኔ ባዶ ትቼው ነበር። እርሱ ቀኑን እንኳ ልብ ሳይል «ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም» ብሎ ሞልቶታል። በዚያው ገጽ ግርጌ ጁላይ 18 በሚደረገው ዓመታዊ ስብሰባ የትጉ ተመልካች ሽልማት እንደሚሰጠው ተገልጿል።

ስለዚህ፦

ሀ. የታሸገው ፖስታ በመዝገብ ቤታችሁ ስለሚገኝ በፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለው ቀን ታይቶ እንዲከፈት፤ ከዚህ ጋር አያይዤ የላክሁት ስለ ማዕበሉ የሚያስረዱት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደብዳቤና የወይዘሮ ሊና የምስክርነት ቃልም እንዲታዩልኝ፤

ለ. በእውነት ያየኋቸው አሥር ምሽቶች በስሜ እንዲመዘገቡ፤ ሜይ 21 ግን ከመዝገቡ እንዲሰረዝ፤

ሐ. ውሳኔው በፖስታ ተልኮ በዚያው እንዳይቀር። በጁላይ 18ቱ ስብሰባ፣ ሽልማቱ ይሰጥ በተባለበት ሰዓት፣ አቶ ብሬደንካምፕ ከነባለቤቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ድምፅ በሚያጎላ መሣሪያ እንዲነበብ። እኔም በዚያ እገኛለሁ፤ የምገባውም በፊት ለፊቱ በር ነው፤

መ. በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት፣ ያላየውን አየሁ ብሎ የጻፈ ተመልካች ያ ኮከብ አንድ ጊዜ ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ ምንም ዓይነት ምልከታ እንዳያስመዘግብ ይከለከላል። ይህ በአቶ ብሬደንካምፕ ላይ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። ምሕረት ይደረግለት የሚል አባል ቢኖር እኔ እቃወማለሁ።

ጸሐፊያችሁ ይህን ሲያነብ አንቀጽ 9 እኔንም እንደሚይዘኝ ማስተዋሉ አይቀርም። እኔም አስተውዬዋለሁ፤ 7.1ን የጻፍኩት አውቄው ነው። አቶ ብሬደንካምፕ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክልከላው ሲነሳለት ገና ብርቱ ሰው ይሆናል። እኔ ደግሞ የሚቀጥለው መምጣቱ በክልከላው ያልፈኛል፤ ከዚያ በኋላ ኮከቡ ሲመለስ ሰማንያ ሰባት ዓመት ይሞላኛል፤ ያን ጊዜ እኖራለሁ ብዬ አላስብም። ለእኔም ምሕረት አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእገዳው ደብዳቤ በአንድ ወረቀት ላይ የሁለታችንም ስም ተጽፎበት ይውጣ፤ ለእርሱ የሚደርሰውንም ኮፒ እጁ ላይ የማስረክበው እኔ ልሁን።

ለሚሰጠኝ ፍርድ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዶርቲያ ማልጋስ
ብራክዳል