ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ መነጽር

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሽበሺ፣
ጂንካ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ይታዘዝዎታል? ቤተ ክርስቲያን በእግርዎ ነው የሚሄዱት ወይስ እንደ አምናው ወንድሜ ክብሩ በባጃጅ ያደርስዎታል? የግራ እጅዎስ? በዝናብ ወራት የሌሉት ጣቶች እንኳ ይቆረጥሙኛል ይሉ ነበርና እሱን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ነገር መግባት አልሆነልኝም። የእማዬስ ደም ግፊት? መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች ወይስ ዛሬ ደህና ነኝ እያለች ለነገ ትቆጥባለች? እኛ ሁላችንም ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሔኖክ ሥራውን ይሠራል፣ ልጃችን ሊዲያም ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ውላለች። ደህና ነን ስልዎ ግን ሰውነታችንን ነው፤ እኔ ልቤ ከተቃጠለ ሰንብቷል።

እሑድ ደውለው ሲያነጋግሩኝ እሺ አባባ፣ እሺ አባባ እያልኩ ስልኩን ዘጋሁት። እሺ ያልኩት ስለተስማማሁ አይደለም። በስልክ መልስ ብጀምር ድምፄ ከፍ እንደሚል አውቀዋለሁ፤ አባቴ ላይ ደግሞ ድምፄን አንስቼ አላውቅም፣ ዛሬም መጀመር አልፈልግም። ወረቀት ላይ ብጮህ ለጎረቤት አይሰማም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደዚያ በሚወርድ የሔኖክ ባልደረባ እጅ ልኬዋለሁ። እህቴ ኢየሩስ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። የሚያስቆጣ ቦታ ስትደርስ አባባን አላናድድም ብላ እንዳትዘል አደራ፣ አውቃታለሁ።

እርስዎ ያሉኝ ይህ ነው፤ የተጎዳችው ሴትዮ ራሷ ይቅር ካለች አንቺ ምን አግብቶሽ እርቅ ታፈርሻለሽ፣ ተዪው ልጄ። ቤትዎ ድረስ ሽማግሌ ተልኮ መምጣቱንም ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ የነገሩዎት የላኳቸው ሰዎች የነገሯቸውን ነው፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

እንደሚያውቁት እዚህ ሐዋሳ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀጠርኩት የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ኃላፊ ሆኜ ነው። ሥራዬ አሠሪው በሠራተኛ ሕጉ የታዘዘውን እንዲፈጽም መከታተል ነው። እጅ ከሚልጥ ነገር ጋር የሚሠራ ሰው ጓንት ይኑረው፣ ዓይን ከሚያጠፋ ነገር ጋር የሚሠራ መነጽር ይኑረው፤ አደጋ ከደረሰ ደግሞ አሠሪው ሳይደብቅ ለመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ያሳውቅ። ይኸው ነው። ሕጉን አስከብሪ ብለው ቀጥረውኝ ሕጉን በጠቀስኩ ቁጥር የሚያኮርፉት ግን እነዚያው የቀጠሩኝ ሰዎች ናቸው።

የእማዬን ቡፌ ያስቡት እስቲ። እነዚያ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑ ብርጭቆዎች ከተገዙ ጀምሮ እኛ ልጆቿ አንድ ቀን ጠጥተንባቸው እናውቃለን? የእንግዳ ናቸው ትለን ነበር። እንግዳው ሲሸኝ ታጥበው ይቆለፍባቸዋል፣ እኛም በጣሳችን እንቀጥላለን። ብርጭቆ ነውና ማንም አልተጎዳም፤ እየሳቅን አደግን። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ለዓይን መከላከያም ቡፌ አለው። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው መግቢያ ላይ ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ መነጽሩ፣ ወፍራሙ ጓንት፣ ሽርጡ ከነላስቲኩ ተደርድሮበታል። ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ጠሀ ኪስ ውስጥ ነው። ከሚኒስቴር ወይም ከውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጠልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፤ እንግዳው ሲሄድ ተወልውሎ ይቆለፋል።

ከጠሀ ጋር በዚህ ያልተጣላሁበት ሳምንት የለም። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም። አንድ ቀን ምርር ሲለው፣ ያወጣሁት ዕቃ ቢጫር ወይም ቢጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው፣ ተቆልፎ ሳለ ሰው ቢጎዳ ግን ጠሀ ለምን ቆለፍክ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያናድደኝ ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ነው። የአስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንታችን ዶክተር ኢዮብ ዘንድ ገብቼ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ዕቃው ይውጣ፣ ለሠራተኛው ይታደል ብዬ ለመንኩት። አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉው ብቻ ነው የሚታይሽ፣ በጌታ ስም እንዲህ ያለ ነገር ግቢያችን አይደርስም አለኝ። ጌታ ዓይን የሰጠን እንድንጠብቀው ይመስለኝ ነበር።

ደረሰ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ አልፎ፣ ለበዓሉ ጉዱማሌ አደባባይ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰ ሰሞን ነው። ሽታዬ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ አለች፤ ቤተ ሙከራውን የምታጸዳውና ብልቃጡን የምታጥበው እሷ ናት። ጓንት ስለሌላት እጇ ላይ ፌስታል አስራ ነው የምትሠራው። ያን ቀን ማጠቢያው አጠገብ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ፈሳሽ ታገኛለች። የዕቃ ሳሙና ይመስላል፤ ለካ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሥጋ የሚልጥ ኬሚካል ነው። ማን እንደቀዳው እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ስም የለው፣ ምልክት የለው። እኛ አገር መቼም ሃይላንድ ውስጥ የማይቀመጥ ነገር የለም፤ ዘይቱም፣ ነጭ ጋዙም፣ አረቄውም፣ በረኪናውም እዚያው ነው። ክዳኑ አልከፈት ብሏት ጠርሙሱን ጨብጣ ስትታገል ድንገት ለቀቀና ፈሳሹ ፊቷ ላይ ተረጨ። ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

እዚያው ግድግዳው ላይ የዓይን ማጠቢያ ተገጥሟል፤ የሚያብረቀርቅ፣ ሲመርቁት ጭብጨባ የተጨበጨበለት። ከቧንቧው ጋር ግን አልተገናኘም። ስንቴ ጮኼበታለሁ መሰለዎት። ሽታዬን እየመሩ ከሕንጻው አስወጥተው ጓሮ ያለው የውሃ ሮቶ ድረስ ወስደው በጆግ እየቀዱ አጠቧት። እንዲህ ያለ ነገር ዓይን ሲነካ ውሃው እዚያው፣ ያን ጊዜውኑ ነው የሚያስፈልገው። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ዓይኗ ግን አልተረፈም። ሁለት ልጆች አሏት፣ አባባ፤ ትንሹ ገና ሲያያት ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ ያሳበደኝ። መጀመሪያ መነጽር ነበራት፣ ራሷ ሳታደርግ ቀርታ ነው ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። መነጽሩ ነበር፤ ጠሀ ኪስ ያለ ቁልፍ ነበር የቆለፈበት። እኔ ይህን አልልም፣ አደጋውንም ለተቆጣጣሪዎቹ እናሳውቅ ብዬ ድርቅ ስል ዶክተር ኢዮብ መንገዱን ቀየረ። ሽታዬ ቤት ሽማግሌ ላከ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በግ እየጎተቱ፣ ስኳርና ዘይት ይዘው ከገበያው ጀርባ ወዳለችው የኪራይ ቤቷ ገቡ። እሺ ካላልሽ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፣ ጸለዩ፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ አሏት። እሷም ዓይኗ እንደታሰረ ትቻለሁ አለች። እነሱ መርቀዋት ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኮንትራትሽ አልቋል፣ አይታደስም ተባለች።

እኔ ልጠይቃት ሄድኩ። በጉ በሩ ላይ ታስሮ ይጮኻል፤ ለማረድ አንጀቷ እምቢ ብሏታል። ለምን እሺ አልሽ አልኳት፣ ተናድጄ ነበር። ሽማግሌ ቤቴ መጥቶ፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ፣ እንዴት አይሆንም ብዬ ልመልስ አለችኝ። ደግሞም ከልቤ ነው፣ ቂም ይዤ ዓይኔ አይመለስ አለች። ቀጥላ ያ ሃይላንድ ከዚያ ተነስቷል ወይ ስትል ጠየቀችኝ። በማግስቱ ገብቼ አየሁ። አንዱ ሃይላንድ ተነስቷል፤ ሌሎች ማጠቢያው ሥር ተደርድረዋል። በሽታዬ ቦታ ናዲያ የምትባል ልጅ ቀጥረዋል፤ ሥራ አገኘሁ ብላ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። እጇ ላይ ፌስታል አስራለች። መነጽሩ ከመስተዋቱ ኋላ እንደተወለወለ ተቀምጧል።

ዶክተር ኢዮብ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልጋብዝሽ ብሎ ወሰደኝ። ነገሩ በእርቅ አልቋል፣ በእርቅ ያለቀን ነገር ለመንግሥት መንገር እርቅ ማፍረስ ነው፣ የቤታችንን ገመና አደባባይ ታወጪዋለሽ እንዴ አለኝ። የእንጀራሽን ነገርም አስቢበት አለ፣ በለሆሳስ፣ ሎሚውን ዓሣው ላይ እየጨመቀ። እኔም ይቅርታው የሽታዬ ነው፣ ማሳወቁ ግን የእርስዎ ግዴታ ነው፣ እሷ ትቻለሁ ስትል የናዲያን ዓይን ለእርስዎ አልሰጠችም ብዬው ዓሣውን ሳልቀምስ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ስሜ እርቅ አፍራሽ ሆኗል። ያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እሑድ ዕለት እጄን ሳይጨብጠኝ አለፈ። እሱም ሳይበቃ በዶክተሩ ሚስት ዘመዶች በኩል አጠያይቀው እርስዎን አገኙ። አባቷ ቃሉ የሚሰማ፣ ጂንካ ውስጥ ስንቱን ያስታረቀ ሰው ነው፣ እሱ ካላት እምቢ አትልም ብለው ነው። የእርስዎን ክብር ልጓም አድርገው አፌ ውስጥ ሊያስገቡት ነው፤ ከሁሉም ይህ አስመረረኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ይቆጡኝ እንጂ እለዋለሁ። እዚያ እንጨት መሰንጠቂያው ቤት፣ መከለያ የሌለው መጋዝ ሁለት ጣትዎን ሲወስድ ባለቤቱ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እርስዎም ይቅር አሉ። በግ መጣ፣ ታረደ፤ እኔም ልጅ ነበርኩና ደስ ብሎኝ በላሁ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ከመካከላቸው ማንም፣ እርስዎም ጭምር፣ መጋዙን ከልሉት ያለ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ነገሩ በእርቅ አልቋል። በዓመቱ ጋሽ ደበሌ እዚያው መጋዝ ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ከክንዳቸው አጡ። እርቁ ጥሩ እርቅ ነበር አባባ፣ ሰውን ከሰው አስታርቋል። መጋዙን ግን ማንም አላስታረቀውም። ጋሽ ደበሌን ሆስፒታል ጠይቀው ሲመለሱ ለእማዬ ያሉትን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ዝም ባልል ኖሮ ነበር ያሉት። እኔ ይህን ሥራ የመረጥኩት በዚያ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም እንጂ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መሃል ከተማ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ አመልክቻለሁ። ቁልፉንም፣ ሃይላንዱንም፣ ውሃ የሌለውን ማጠቢያም ነግሬያለሁ። ትናንት አስቀድሜ ሽታዬን ጠይቄያታለሁ። እኔ ይቅር ያልኩት ሰውየውን ነው፣ ሂጂና ያቺን ልጅ አድኛት አለችኝ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ምናልባት ሥራ የለኝም ይሆናል። ሔኖክ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ናዲያ ስነግረው የሊዲያን የትምህርት ቤት ጉዳይ እኔ አስብበታለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለኝ። አስቀድሜ ያልነገርኩዎት እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው። ቢከለክሉኝ ቃልዎን ማፍረስ ግድ ይሆንብኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሥራ ከማጣት ይብስብኛል።

በሉ እንግዲህ፣ ብዙ ጮህኩብዎ። እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ እነዚያን ብርጭቆዎች አውጥታ ውሃ ትጠጣባቸው፣ እሷም እኮ የቤቱ ሰው ናት። ክብሩ ባጃጁን ሲነዳ ቀስ ይበል፤ ሰላም በሉልኝ። ኢየሩስን ስላነበበችልኝ አመሰግናታለሁ፣ ጫማዋን ከዚሁ ጋር ልኬላታለሁ። ጎረቤታችንን ማርታንና ልጆቿን፣ የጸሎት ቡድናችሁንም ሰላም በሉልኝ፤ ለሽታዬ ይጸልዩላት።

ለጋሽ ደበሌ ግን ሰላምታዬን በሰው እንዳይልኩባቸው። ኢየሩስን ይዘው ራስዎ ቤታቸው ይሂዱና አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይህን ደብዳቤ እንደገና ታንብብላችሁ። ስትጨርስ፣ ደበሌ፣ ልጄ እርቅ አፍርሳለች ወይ ብለው ይጠይቋቸው። እሳቸው አፍርሳለች ካሉ ጂንካ ድረስ መጥቼ በሁለታችሁም ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጅዎ ሐዳሳ ሽበሺ
ሐዋሳ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.