መጠበቅ በጣሊያንኛ

ሰኞ

አባባ ሳቀብኝ። የጣሊያንኛ ግስ ሁሉ በሦስት አለቃ፣ በሦስት የእርባታ መሪ፣ ሥር ይገባል ስለው ነው። «ሦስት ብቻ? የኛ የግእዝ ተማሪ በስምንት አለቃ ፍዳውን ያያል፣ እነሱ በሦስት ሀገር ያስተዳድራሉ!» አለ። ጥርሱን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕይወት በቪዲዮ ልትደውል ነው። ታናሽ እህቴ ናት፤ እናታችን በሞተች በዓመቱ፣ ገና አምስት ዓመቷ እያለ፣ ለጣሊያን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ የተሰጠችው። ባለፈው ክረምት በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ። ስልኩ እየተረጎመልን አጫጭር ነገር ስንጻጻፍ ቆየን እንጂ ድምጿን ሰምተን አናውቅም። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ ጽፋልናለች። ከአማርኛ አንድ ቃል አልቀራትም።

ጣሊያንኛ የሚችል አንድ አስጎብኚ አውቃለሁ፣ እሱን ልለምን አልኩ። አባባ ቱግ አለ። «ልጄን በሰው አፍ አላናግርም! ግስ አምጪልኝ። ግስ ካለኝ የቀረውን እኔ አበጀዋለሁ።» ዕድሜውን ሙሉ ቅኔ ያስተማረ መሪጌታ ምን ይባላል? አራዳ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ የጣሊያንኛ መማሪያ አባዝቼ አመጣሁ። መብላት፣ መናገር፣ መዘመር፣ መጠበቅ እያልኩ አነበብኩለት።

«እሱን» አለ።

መጠበቅ። አስፔታሬ።

ማክሰኞ

ዛሬ ተጣላን። መጽሐፉ ከ«እኔ» ይጀምራል፤ አባባ ደግሞ «ሰው ከራሱ ይጀምራል እንዴ?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ቅኔ ቤት መጀመሪያ «እሱ» ነው፤ «እኔ» እና «እኛ» መጨረሻ ይመጣሉ። ደግሞ የኛ መደቦች አሥር ሆነው የእነሱ ስድስት መሆናቸው አልዋጥለት አለ። «የቀሩት አራቱስ?» «የሉም አባባ።» «ሴቷን ከወንዱ ሳይለዩ ነው የሚጠሯት?» ራሱን ነቀነቀ።

ተሸነፍኩ፤ በእሱ መንገድ ሄድን። አስፔታ፣ አስፔታኖ፣ አስፔቲ፣ አስፔታቴ፣ አስፔቶ፣ አስፔቲያሞ። አንዴ ሰማ፣ ሁለተኛ በዜማ አወረደው፣ ሦስተኛ እኔን አረመኝ። ከአጥሩ ሥር የተቀመጡት ተማሪዎቹ እየሰሙ ኖሮ እነሱም ተቀበሉት። ሰፈሩ ሁሉ አስፔታኖ ሆነ። ሳቅኩ፣ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

የሚያሳስቡኝ፦ መብራት። ኔትወርክ። የስልኬ ባትሪ፣ ቶሎ ነው የሚሞተው። ከሁሉ በላይ ግን፣ «ለምን ሰጣችሁኝ?» ብላ ብትጠይቅስ?

ረቡዕ

ያለፈውን ጊዜ ጀመርን። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠብቆ ጠብቆ ያበቃለት ሰው የሚለው ነው። ሁለተኛው ሲጠብቅ የኖረ ሰው የሚለው፣ አስፔታቮ። አባባ ልዩነቱን አስደገመኝና «የመጀመሪያውን ተይው፣ እሱን አልፈልገውም» አለ።

ይኼን መጻፍ አለብኝ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባባ ሕይወትን የሰጣት ትምህርት ቤት የላካት መስሎት ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከኮላ ድባ ወጣ። እየለመነ፣ ከመምህር መምህር እየዞረ ተማረ። ሲመለስ ጢሙ ወጥቶ ነበርና እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። እሱ የሚያውቀው የልጅ መሄድ ይኼ ነው። ልጅ ለመምህር ይሰጣል፣ ይንከራተታል፣ ተምሮ ይመለሳል። «ያሳድጓታል፣ ያስተምሯታል» ሲሉት ፈረመ። አትመለስም ያለው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ቢኖርም አልሰማውም።

ሰው ስለሷ ሲጠይቀው «ትምህርት ላይ ናት» ነው መልሱ። እኔ ጉዲፈቻ ምን እንደሆነ ሲገባኝ ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

ሐሙስ

መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። በቃል ቀጠልን።

እጠብቃለሁ የሚለውን ለወደፊቱ፣ እጠብቅ ነበር የሚለውን «ቢሆን ኖሮ» ለሚባለው፣ ከዚያ ትእዛዙን ከነክልክሉ። ጠብቅ፣ ጠብቁ፣ አትጠብቅ፣ አትጠብቁ። ክልክሉን እንዝለለው ብዬው ነበር፣ ምን ያደርግልሃል ብዬ። «ግስ በግማሽ አይወረድም» አለ።

ዛሬ ተናድጃለሁ። ሌላ ጊዜ ይቺን ገጽ ካየኋት አፍራለሁ፣ ይሁን። ስለዚያች ልጅ ሲሆን ዓይኑ ይበራል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ እሱን ማን ያየዋል ብዬ ቀረሁ፣ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ሕይወትን አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስትሄድ ነጠላዬን ይዛ አልለቅም ብላ ጣቷን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። እኔስ አልጠበቅኳትም?

ቅዳሜ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም፣ ደክሞኝ ነበር። ዛሬ መብራት መጣ! ስልኬን ሞላሁ። አባባ ጥምጥሙን አሳጠበኝ። የሚላትንም ጨርሷል፦ «ፊሊያ ሚያ፣ ቲ አስፔታቫሞ ሴምፕሬ።» ልጄ፣ ሁልጊዜ እንጠብቅሽ ነበር። «ልጄ» እና «ሁልጊዜ» የሚሉትን እኔ ሰጠሁት፣ የቀረውን ራሱ አበጀው። ለምን «እጠብቅሽ ነበር» አላልክም ብለው «አንቺስ?» አለኝ። የሐሙሱን ንዴቴን ግማሽ ወሰደልኝ።

እሑድ

ደወለች።

እናቴን ነው የመሰለችው። ግንባሯ፣ የፊት ጥርሷ፣ ስታፍር አንገቷን ወደ ግራ የምትሰብራት ነገር። የኋላዋ ነጭ ግድግዳ ነበር። አባባ ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ፣ ቅኔ እንደሚቀኝ ተማሪ ተነሥቶ ቆመ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ያቺን ቃሉን አላት፣ ሳይሳሳት።

ገባት! ወዲያው ገባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ፈጥና ብዙ ተናገረች፤ ከመሀሉ «ለምን» የሚለውን ብቻ ለየሁ። ለምን፣ ለምን፣ ለምን። ለአባባ ነገርኩት። እሱም በአማርኛ መለሰላት፦ «ለትምህርት ነው እንጂ ልጄ። እስክትጨርሺ ነው የሰደድኩሽ። ሸጋዋን ልጄን ማን ይሰጣል?» ስልኩ ላይ ጽፌ ላክሁላት። አነበበችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ቀጥላ በጽሑፍ መለሰች። ያልፈለጋት አባት እንዳላት እያሰበች ነው ያደገችው። እዚያ እናት አላት፣ አባት አላት፤ ትወዳቸዋለች። ፊታችንን ለማየት ነበር የፈለገችው። ለፋሲካ እመጣለሁ ያለችውን አሁን አትችልም፣ መቼ እንደምትችልም አታውቅም። ይኼን ለአባባ እንዴት አድርጌ እንደማነብለት ሳስብ እሷ ቀና ብላ እያየችው፣ እንዲገባው ቀስ ብላ ተናገረች።

«ኖን አስፔታቴሚ።»

አትጠብቁኝ።

«ኔትወርኩ ነው አባባ፣ አልተሰማኝም» አልኩ። ወደ እኔ አልዞረም። «እኔ ሰምቻለሁ» አለ። ቀጥሎ እሷን አያት፣ ጥምጥሙን በእጁ እየነካካ «እሺ ልጄ» አላት በአማርኛ። «እሺ።» እጇን አውለበለበች፣ እያለቀሰች። ጠፋች።

ምናለ ያንን ክልክል ባላስተማርኩት! እዋሸው ነበር። ትመጣለች፣ ትንሽ ቆይታ ትመጣለች እለው ነበር።

ሰኞ

አባባ ዛሬ አላስተማረም። ተማሪዎቹ ጠዋት መጥተው ተቀመጡ፣ ረፋድ ላይ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ምሳም አልቀመሰም። ጾም ነው ይለኛል፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላም አልበላም።

ሥራ ቦታ ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ እምቢ ሲለኝ እሱን ምክንያት አድርጌ አለቀስኩ። ደንበኛዋ «ምነው እህቴ፣ ለወረቀት ነው?» አለችኝ። ለወረቀት ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙን። እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። «ምነው የኔታ፣ ያቺ ልጅዎ ትምህርቷን አልጨረሰችም?» አባባን አየሁት፣ ምን ሊል ነው ብዬ።

«ጨርሳለች» አለ አባባ። «እዚያው ወንበር ዘርግታለች።»

እማማ ጥሩነሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ሸጋ ነው! ሸጋ ነው የኔታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሊቅ የሆነ ተማሪ ሩቅ አገር ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር እዚያው ይቀራል፤ ወላጅም ይኮራበታል እንጂ አይጠብቀውም። እሳቸው የገባቸው ይኼ ነው። አባባ አጎንብሶ አመሰገናቸው።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋሁ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው፣ ጥምጥሙን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ እጄን ጀርባው ላይ አደረግኩ፣ እንዲህ ነክቼው አላውቅም።

«እኔ አለሁ እኮ፣ አባባ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ከጥምጥሙ ሥር። «አንቺን መጠበቅ አላስፈለገኝም፣ ሁልጊዜ አለሽ።»

ይኼን ስጽፍ ተኝቷል፣ ትንሽ ሾርባም ቀምሷል። እንዲያ ያለኝ ምስጋና ይሁን፣ ወይስ እስከዛሬ ልብ ያላለኝ ሁልጊዜ ስላለሁ ነው ማለቱ ይሁን፣ አላውቅም። አለቀስኩ እኔም። ግማሹ በደስታ ነው መሰለኝ።