ለመዲና የሚከፈተው የባንክ ሒሳብ

ማክሰኞ፣ መስከረም ፲፫። ከጧቱ ፬ ሰዓት

ከባንክ ተመልሼ ገና መቀመጤ ነው። ሰልፍ። ሙቀት። የቆቦ ፀሐይ መስከረም ጠብቶም አይራራም። መዝገቤ ሆይ፣ የልጅ ልጄ መዲና በዚህ ወር መጨረሻ ወደ መምህራን ኮሌጅ ስለምትሄድ፣ የቤት ኪራይዋንና ቀለቧን በየወሩ የምንልክበት ሒሳብ ሊከፈትላት ግድ ሆኖ፣ እኔም ዕድሜዬን በት/ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ በመሆኔ፣ ከቤቱ ሁሉ ወረቀት የሚያነበው እርሱ ነው ተብዬ፣ የሚሻለውን አጣርቼ እንድመጣ ተልኬ ነበር።

በመስኮቱ ያለችው ልጅ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የተለመደው ቁጠባ፣ ወለድ የሚታሰብበት። ሁለተኛው በቅርቡ የተጀመረ፣ ከወለድ ነፃ የሚባል፤ ያስገቡትን ያህል ብቻ የሚያወጡበት። ካርድ ለሁለቱም ይሰጣል። መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ይበቃል።

እኔ ወዲያው ቈረጥሁ። የተለመደው ይሁን። መዲና ክርስቲያን ናት፤ ወለድ የሚከለክላት የለም፤ ትንሽም ብትሆን የምትጨመረዋ ለደብተርና ለሳሙና ትሆናታለች።

ኀሙስ፣ መስከረም ፲፭። ማታ

ከቆቦ አለፍ ብላ ካለችው ሮቢት ዋልሁ፤ ሐጂ እንድሪስ ዘንድ። ታሟል። እግሩ አብጧል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪሙ ልብ ነው ብሎታል።

ሐጂ የመዲና የአባቷ አባት ነው። ልጁ፣ መዲና ገና ጡት ሳትጥል፣ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ እናቲቱ፣ የእኔ ልጅ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቤቴ ተመለሰች፤ መዲናም በእኛ እጅ ክርስትና ተነሣች፤ ሐጂም ያን ጊዜ ልጄን ቀብሬ የልጄን ልጅ ደግሞ አልነጠቅም ብሎ ሊከራከር ሲችል፣ ልጅ ከእናቱ ጋር ነው፣ እኔ ያወጣሁላት ስም ብቻ አይለወጥ ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ሳይጨምር ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በተወለደች ጊዜ በስሟ የለያት ጊደር ነበረች። ዘሯ በከብቱ መካከል ለብቻው ሲጠበቅላት ኖሮ፣ አሁን ለትምህርቷ ሊሸጥ ነው።

ስለ ሁለቱ ሒሳቦች ነገርሁት። የተለመደውን እንደ መረጥሁም። ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ ብር ተኝቶ ይወልዳል ነው የምትለኝ? የእኔ ጊደር እንኳ ሣር በልታ ነው የወለደችው» አለ።

ሳቅሁ። እርሱም ሳቀ፤ ሳል አቋረጠው። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ለመሄጃዋ የሚሆነውን በእጇ እንደሚሰጣት፣ ገንዘቡ ግን ወለድ ካለበት ሒሳብ እንዳይገባ፣ ወደዚያ በየወሩ መላክም እንደማይችል፣ ቀኑ ቀርቧልና አላህ ፊት ይህን ይዞ መቅረብ እንደማይፈልግ፣ በቀስታ ነገረኝ። አልተቈጣኝም። ቢቈጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም ፲፯። መስቀል

ሐጂን በባጃጅ አስመጣነው። ተደግፎ ገባ። እንደ አገራችን ደንብ፣ ለእኛ የእኛ ሰው አረደ፣ ለሐጂ ቤተሰብ ታናሽ ልጁ አረደ፤ ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ጨዋታው ግን አንድ።

ታናሽ እኅቴ ታየች የባንኩን ወሬ ከማን እንደ ሰማች እንጃ። ወደ ጓዳ ጠርታ ወቀሰችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ የእስላም ሒሳብ ልትከፍቱላት ነው የሚባለው እውነት ነው? ዛሬ ብሯን፣ ነገ ራሷን። እኔ ነግሬሃለሁ።»

መዝገቤ፣ ከአንተ የማልደብቀው፣ እርሷ በአፏ ያወጣችው ፍርሃት በእኔም ልብ ውስጥ ከማክሰኞ ጀምሮ፣ ምናልባትም ልጅቱ ከተጠመቀችበት ቀን ጀምሮ፣ ተቀምጦ የነበረ ነው።

ሁለቱን ድስቶች ጎን ለጎን ሳይ ግን መላው መጣልኝ። ሁለት ሒሳብ! የሐጂ ለብቻ፣ የእኔ ለብቻ። ማንም አይነካካ፣ ማንም አይከፋ። እኛ ራያዎች በዚህ ስንት ዘመን ተፋቅረን ኖርን። ለሐጂ ነገርሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ደግ ነው አለ። ለመዲናም ነገርኋት። ሳሕን ይዛ ወጣች።

ሰኞ፣ መስከረም ፲፱። ከቀኑ ፱ ሰዓት

እንደ ምንም ልጻፈው።

ባንክ ሄድን፤ እኔና መዲና። ሁለት ቅጽ እንዲሰጡን ጠየቅሁ። መዲና አንዱን ብቻ ተቀበለች፤ ከወለድ ነፃ የሆነውን። ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ መልሳ ገፋችው። ክንዷን ይዤ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ወሰድኋት። ምን ማለትሽ ነው አልኋት።

«አባባ፣ ሁለቱ ድስት ለእናንተ ነው» አለችኝ። «እኔ ከሁለቱም በልቼ ነው ያደግሁት። እዚያ ስበላ ለአንተ አልነግርህም፤ እዚህ ስበላ ለአብዬ አልነግረውም። ኮሌጅ ገብቼም ሁለት ደብተር ይዤ ልደበቅ?»

አብዬ የምትለው ሐጂን ነው። ከዚያ ድስት በልታለች! ስንት ጊዜ? ለንስሐ አባቷ ነግራ ይሆን? ይህን ሁሉ ልጠይቃት ተነሣሥቼ ሳለ፣ ዐይኗን አየሁ፤ ሕፃን ሳለች በሮቢት ግቢ ከአጎቶቿ ልጆች መካከል አንድ ማዕድ ቀርባ፣ አንቺ ተነሺ የሚላት አንድም ሰው በሌለበት፣ ለብቻዋ እንድትነሣ የፈረድንባት እኛ ትልልቆቹ እንደ ሆንን፣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጥያቄዬንም ተውሁት።

ታዲያ ለምን ከወለድ ነፃውን? አልኋት። ወደ እነርሱ ልትሄጂ ነው ወይ የሚለውን አላወጣሁትም። እርሷ ግን ሰማችው።

«ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ አባባ። እዚህኛው ላይ ሁለታችሁም ማስገባት ትችላላችሁ። እዚያኛው ላይ አብዬ ይቀራል። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሄዳ ፈረመች። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ስሟንና ማተቧን አየት አድርጋ፣ ምንም ሳትል ማኅተሟን መታች።

ማክሰኞ፣ መስከረም ፳። ከጧቱ ፫ ሰዓት

ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ሐሳብ ሲፈትነኝ አደረ። የእሷ ሒሳብ እንዳለ ይሁን፤ እኔ ደግሞ ድርሻዬን በራሴ የቁጠባ ደብተር፣ ወለዱ እየታሰበበት፣ ለማንም ሳልናገር ላስቀምጥላትና ስትመረቅ ላስረክባት። ጥቅሟ ነው። ማን ይጎዳል? እያልሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ሮቢት ወረድሁ። ሐጂ ተኝቶ ነበር፤ ቅዳሜ ካየሁት ይልቅ ከስቷል። መዲና ያደረገችውን ነገርሁት። አልሐምዱሊላህ አለ፤ ልጁን ጠርቶም ገንዘቡን ዛሬውኑ እንዲያስገባ አዘዘው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣ «አንተስ፣ መምህር? የአንተስ የት ይገባል?» አለኝ።

ያቺን ልጅ ሳይጣላ የሰጠኝ ሰው ነው የጠየቀኝ። ሌሊት ያሰብሁትን ልነግረው አልቻልሁም፤ ልዋሸውም አልቻልሁም። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ።

በሚኒባሱ ስመለስ ቈረጥሁ። ከጡረታዬ የምመድብላት በየወሩ ከሐጂ ገንዘብ ጋር አንድ ሒሳብ ይገባል፤ በስሜ፣ በግልጥ። ወለዱ ይቅር። ከዚያ ድስት የተበላውም ነገር የመዲናና የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው፤ ከእኔ አፍ አይወጣም።

የቀረችው ታየች ናት። ታኰርፋለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ይሰሙ ይሆናል። ቢሆንም ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገራት። በአጥሩ በር ላይ ድምፅ ሰማሁ፤ እርሷው ሳትሆን አትቀርም። ልነሣ፣ ልክፈትላት።